የጥርስ ሐኪሙ ታንከኛ፦ የፍራንዝ ቤኬ ኒሻኖች እንዴት ይነበባሉ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ፣ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ዩቲዩብ ላይ ፍራንዝ ቤኬ ስለሚባል ጀርመናዊ የታንክ መኮንን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው የጥርስ ሐኪም ነበር ይላል። በአምስት ቀን ውጊያ 267 የሶቪየት ታንክ አውድሞ እሱ ያጣው 5 ብቻ ነው ይላል። ይሄ ይታመናል? ያን ሁሉ ኒሻንስ በምን አገኘው? የብረት መስቀል፣ የፈረሰኛ መስቀል፣ የኦክ ቅጠል፣ ሰይፍ የሚባሉት ልዩነታቸው አልገባኝም። ከጦርነቱ በኋላስ ምን ሆነ?»

ሰላም ወንድሜ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። የጥርስ ሐኪም መሆኑ እውነት ነው። ኒሻኖቹም እውነት ናቸው። 267 የምትለው ቁጥር ግን የአንድ ወገን ቆጠራ ነው፤ እንዳለች አትዋጥም። ቪዲዮው ያልነገረህ ሌላ ነገርም አለ። የቤኬን ትልልቅ ኒሻኖች ቀን ከዘመቻዎቹ ቀን ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው፣ ሦስቱም የመጡት ጀርመን ያሰበችው ሳይሳካ በቀረባቸው ዘመቻዎች ማግስት ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ። ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ቤኬ የተወለደው በየካቲት 1898 ሽቫርትዘንፌልስ በምትባል የጀርመን ትንሽ ከተማ ነው። በ1915፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በፈቃዱ ወታደር ሆነ። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት በምዕራብ ግንባር አሳለፈ፤ መጀመሪያ እግረኛ፣ በኋላ መድፈኛ። በ1916 ሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል ተሰጠው። ጦርነቱ ሲያበቃ የደንብ ልብሱን አውልቆ ትምህርት ቤት ገባ። በ1923 በጥርስ ሕክምና ዶክተር ሆነና ሀገን በምትባለው የኢንዱስትሪ ከተማ ክሊኒክ ከፈተ። ጥርስ ሲነቅልና ሲሞላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

በ1930ዎቹ ሂትለር ጦሩን ሲያስፋፋ ቤኬ በተጠባባቂነት ተመልሶ ገባ። በ1937 መጨረሻ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘ። በዚያን ጊዜ ወደ 40 እየተጠጋ ነበር። እኩዮቹ የሆኑት መደበኛ መኮንኖች ሻለቃና ኮሎኔል ሆነዋል፤ እሱ ከልጅ እግር መኮንኖች ጋር እኩል ይሰለፋል። ይህን ያዝልኝ። ቤኬ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ በወረቀት ላይ የተጠባባቂ መኮንን ነበር። ከዚህ ተነስቶ ጀነራል መሆን በጀርመን ጦር ውስጥ እምብዛም ያልታየ ነገር ነው።

የተመደበው 65ኛው የታንክ ሻለቃ ሲሆን፣ ሻለቃው በኋላ 6ኛው የታንክ ክፍለ ጦር በተባለው ውስጥ ነበር። የክፍለ ጦሩ ታንኮች አብዛኞቹ ጀርመን ሠራሽ አልነበሩም። ቼኮዝሎቫኪያ ስትያዝ የተወረሱ፣ ስኮዳ የሠራቸው 35(ቴ) የሚባሉ ቀላል ታንኮች ናቸው። መድፋቸው 37 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ1939 ፖላንድን፣ በ1940 ፈረንሳይን የወረሩት በእነዚህ ነው። በፈረንሳይ ዘመቻ ክፍለ ጦሩ የሜዝን ወንዝ በሞንቴርሜ በኩል ተሻገረ። ቤኬም አንደኛ ደረጃ የብረት መስቀሉን ያገኘው በዚሁ ዘመቻ ነው።

በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ሲወሩ ግን የቼክ ታንኮቹ ጊዜ አልፎባቸው ነበር። የ35(ቴ) መሪና ማርሽ የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። የሩሲያ ክረምት ሲመጣ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው እርጥበት በረዶ ይሆናል። ታንኩ አልታዘዝ ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ ክፍለ ጦሩ እነዚህን ታንኮች ጨርሶ አጣቸውና፣ በ1942 ጸደይ ባዶ እጁን ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ አዲስ ታጠቀ። ቤኬም የ11ኛው የታንክ ሬጅመንት ሁለተኛ ሻለቃ አዛዥ ሆነ።

አሁን ኒሻኖቹን ላስረዳህ፤ ያለዚያ ቀሪው ታሪክ አይገባህም።

የብረት መስቀል የናዚዎች ፈጠራ አይደለም። በ1813 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ ናፖሊዮንን ለመውጋት ሲነሣ ያቋቋመው ነው። በ1870 እና በ1914 እንደገና ታወጀ። ሂትለር በመስከረም 1939 አራተኛ ጊዜ አስነሣው፤ መሐሉ ላይ የናዚዎችን ምልክት ስዋስቲካን ጨመረበት። ሁለተኛ ደረጃው ሲሰጥ በሪባን ነው፤ በዕለት ተዕለት ልብስ ላይ ሪባኑ ብቻ ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ይታያል። አንደኛ ደረጃው ግራ ደረት ላይ በመርፌ ይሰካል። እንደ ቤኬ በፊተኛው ጦርነት መስቀሉን ያገኘ ሰው ድጋሚ ሲሸለም አዲስ መስቀል አይሰጠውም። 1939 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የንስር ምልክት አሮጌው ሪባን ላይ ይጨመርለታል። የአርባ ዓመት ሰው ፎቶ ላይ ያንን ምልክት ካየህ «ይሄ ሰው ሁለት ጦርነት አይቷል» ማለት ነው።

ከዚያ በላይ ያለው በ1939 አዲስ የተፈጠረው የፈረሰኛ መስቀል ነው። ቅርጹ የዚያው መስቀል ቅርጽ ሆኖ ተለቅ ይላል። የሚንጠለጠለው አንገት ላይ ነው። ለዚህ ነው በፎቶ ላይ ከኮሌታው ሥር ዓይን የሚስበው። በጦርነቱ ዘመን ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች አግኝተውታል። በ1940 ለዚህ መስቀል የኦክ ቅጠል ተጨመረ። በ1941 ደግሞ ሰይፍ፣ ከዚያም አልማዝ። እነዚህ ለብቻቸው የሚሰጡ ሜዳዮች አይደሉም። ያው መስቀል ሆኖ ማንጠልጠያው ላይ የሚጨመሩ ደረጃዎች ናቸው። ቅጠሉን ከ900 ያነሱ፣ ሰይፉን ወደ 160 የሚጠጉ፣ አልማዙን 27 ሰዎች ብቻ አግኝተዋል።

ዩቲዩብ ላይ «እጅግ የተሸለመው ታንከኛ» የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ቤኬ አልማዝ አልደረሰውም። ከታንክ አዛዦች ሮመል፣ ሽትራክቪትዝ፣ ባልክ፣ ማንቶይፌል ሁሉም አልማዝ አላቸው። ቤኬ ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ያም ቢሆን ለአንድ የጥርስ ሐኪም ትንሽ አይደለም።

መስቀሉ እንዴት እንደሚሰጥም ማወቅ ይጠቅማል። የበላይ አዛዥ ሐሳብ ያቀርባል። ወረቀቱ ከክፍለ ጦር ወደ ኮር፣ ከኮር ወደ ጦር ሠራዊት፣ ከዚያም በርሊን ወዳለው የሰው ኃይል አስተዳደር ይሄዳል። የመጨረሻው ቃል የሂትለር ነው። አንደኛም ሁለተኛም ደረጃ የብረት መስቀል የሌለው ሰው አይታጭም። ለአዛዦች ደግሞ ድፍረት ብቻውን አይበቃም፤ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ውሳኔ የውጊያውን መልክ የለወጠ መሆኑ ይታያል። ልብ በል፤ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወረቀቱ እንዲያምር ጥቅም አለው። የበታቹ ሲሸለም የበላዩም ስም ይነሣል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ትልቅ ኒሻን። በኅዳር 1942 የሶቪየት ጦር የጀነራል ፓውሉስን 6ኛ ጦር ሠራዊት ስታሊንግራድ ላይ ከበበ። 6ኛው የታንክ ክፍለ ጦር ከፈረንሳይ በባቡር ተጭኖ በጥድፊያ መጣ። አዛዡ ኤርሃርት ራውስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ኮቴልኒኮቮ ጣቢያ ሲገቡ የተቀበላቸው የሶቪየት መድፍ ነው። ታኅሣሥ 12 የማዳን ዘመቻው ተጀመረ፤ «የክረምት ማዕበል» ይሉታል። ቤኬ ሻለቃውን ይዞ ከፊት ከሚሄዱት ውስጥ ነበር። ቬርኽነ ኩምስኪ በምትባል መንደር ዙሪያ ለቀናት ታንክ ከታንክ ተፋጀ። ክፍለ ጦሩ ሚሽኮቫ ወንዝ ደረሰ። ከተከበቡት ጋር የቀረው 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ቆመ። ከውስጥ ያሉት እንዲወጡ አልተፈቀደም፣ ከውጭ ያሉት መግፋት አልቻሉም። ሌላ ቦታ ግንባሩ ስለተሰበረ ክፍለ ጦሩ ወደዚያ ተጠራ። ስታሊንግራድ ያለው ጦር በየካቲት 1943 መጀመሪያ እጁን ሰጠ።

የቤኬ የፈረሰኛ መስቀል ቀኑ ጥር 11 ቀን 1943 ነው። ዘመቻው ከከሸፈ ሦስት ሳምንት አልሆነውም።

ሁለተኛው ኩርስክ ነው። ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሐምሌ 1943። ጀርመኖች በኩርስክ ትልቁን ማጥቃት ከፍተዋል። የቤኬ ክፍለ ጦር ያለበት ሦስተኛው የታንክ ኮር ከደቡብ በኩል እየገፋ ፕሮኾሮቭካ ላይ ከሚዋጉት የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) ክፍለ ጦሮች ጋር መገናኘት አለበት። ዘግይቷል። ፊት ለፊት ሰሜናዊ ዶኔትስ ወንዝ አለ። ርዣቬትስ ላይ ድልድይ አለ፤ መንገዱ ላይ ግን የሶቪየት ጦር ተደርድሯል። ቀን ቢሄዱ ውጊያ ነው። ሐምሌ 11 ሌሊት ለ12 አጥቢያ በጨለማ ለመሄድ ተወሰነ። ቤኬ መራ።

የሰልፉ ፊት ላይ ከሶቪየት የተማረከ ቲ-34 ታንክ ተደረገ። የሶቪየት ወታደር በጨለማ ቅርጹን ሲያይ «የኛ ነው» ብሎ እንዲያልፈው ነው። ተኩስ የለም። ሬዲዮ የለም። ታንኮቹ ላይ የተቀመጡት እግረኞች ጮክ ብለው እንዳያወሩ ታዘዙ፤ ሲጋራ ማጨስ ግን ይችላሉ፤ ዘና ያለ የወዳጅ ሰልፍ ያስመስላል። እንዲህ ሆነው በሶቪየት መድፈኞችና እግረኞች መካከል ኪሎ ሜትሮችን አለፉ። ከፊት የመጡባቸውን የሶቪየት መኪናዎች ምንም እንዳልተፈጠረ አሳለፏቸው። የተማረከው ቲ-34 መንገድ ላይ ተበላሽቶ ተጎትቶ ወደ ዳር ወጣ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ካያቸው ውስጥ የጠረጠረ የለም።

ርዣቬትስ አጠገብ የሶቪየት ታንኮች ሰልፍ ከፊታቸው መጣ። ጎን ለጎን ሲተላለፉ ከሶቪየቶቹ አንዱ ነቃ። እዚህ ላይ የቤኬ ታንክ ጉዳይ ይመጣል። የአዛዥ ታንክ ስለሆነ ውስጡ በሬዲዮ ተሞልቷል። ለመድፍ ቦታ የለም። ከሩቅ እንዳይለይ ተብሎ ከእንጨት የተሠራ የውሸት መድፍ ተተክሎበታል። ጠላት እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ በእንጨት መድፍ ምን ታደርጋለህ? ቤኬ ከታንኩ ወረደ። ከአንድ ልጅ እግር መኮንኑ ጋር የሚለጠፉ ፈንጂዎችን ይዞ በጨለማ ወደ ቲ-34ዎቹ በእግሩ ሄደ። ፈንጂውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ሸሹ። አፈነዷቸው። በዚያን ጊዜ ቤኬ 45 ዓመቱ ነው።

ድልድዩን ሶቪየቶቹ አፈነዱት። የጀርመን እግረኞች ግን በአንድ የእግረኛ መሻገሪያ አልፈው ማዶውን ያዙ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ደግሞ መራራ ነው። ሲነጋ የጀርመን አውሮፕላኖች መጡ። በሰሜኑ ዳር ያለው ጦር የሶቪየት መስሏቸው ቦምብ ጣሉበት። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጀነራል ሑነርስዶርፍ ከቆሰሉት አንዱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደግሞ አነጣጣሪ ተኳሽ ጭንቅላቱን መታው፤ ከቀናት በኋላ ሞተ።

ለዚያ ሌሊት ሥራ ነው በቤኬ ቀኝ ክንድ ላይ የምታያቸው ጨርቅ ላይ የተሰኩ ትንንሽ የታንክ ምልክቶች። ለኔ ከመስቀሎቹ ይልቅ እነዚህ ይናገራሉ። ምልክቱ በ1942 የተቋቋመ ነው። የሚሰጠው ታንክን በመድፍ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ፣ ለብቻው ሆኖ ላወደመ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ታንክ አንድ የብር ቁራጭ። በተፈጥሮው የእግረኛ ምልክት ነው። ቤኬ ሦስት አለው። ታንክ የሚያዝዝ ሰው የታንክ ገዳይ እግረኛ ምልክት መልበሱ እንግዳ ነገር ነው፤ የእንጨቱ መድፍ ግን ነገሩን ያስረዳሃል።

በኩርስክም ጀርመኖች አልተሳካላቸውም። ሦስተኛው ኮር ሐምሌ 12 ፕሮኾሮቭካ አልደረሰም። ሂትለር ዘመቻውን አቆመ። ቤኬ የኦክ ቅጠሉን ነሐሴ 1 ቀን 1943 ተሸለመ፤ በጠቅላላው ጦር 262ኛው ተሸላሚ ሆነ። በዚያው ሰሞን የ11ኛው ታንክ ሬጅመንት አዛዥ ኦፐልን ብሮኒኮቭስኪ ስለቆሰለ ሬጅመንቱ በቤኬ እጅ ገባ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ይሄ ብሮኒኮቭስኪ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በፈረስ ስፖርት ለጀርመን የወርቅ ሜዳሊያ ካገኙት አንዱ ነው። የፈረስ ግልቢያ ሻምፒዮን ቆስሎ ወደቀ፤ የጥርስ ሐኪም ተካው።

አሁን ወደ 267 እንምጣ።

በጥር 1944 መጨረሻ ዩክሬን ውስጥ ጀርመኖች አንድ ልዩ ጦር አቋቋሙ። የቤኬ ከባድ ታንክ ሬጅመንት ይባላል። አንድ የታይገር ሻለቃና አንድ የፓንተር ሻለቃ አንድ ላይ ተደርገው፣ መድፈኛና መሐንዲስ ተጨምሮላቸው ነው። ታይገሩ ወደ 34፣ ፓንተሩ ከ40 በላይ ነበር። በወቅቱ ጀርመን ያሏት ሁለቱ ምርጥ ታንኮች ናቸው፤ በአንድ እጅ እንዲህ ተሰብስበው መገኘታቸው ብርቅ ነበር። በባላባኖቭካ አካባቢ የሶቪየትን ጦር ከበው ተዋጉ። ከአምስት ቀን በኋላ የጀርመን ሪፖርት 267 ታንክ አወደምን፣ አንድ ታይገርና አራት ፓንተር አጣን አለ። ቪዲዮው የወሰደው ይሄንን ነው።

ይሄ ቁጥር ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ነው አልልህም። በቆጠራው አሠራር የተነሣ ግን ያብጣል። አንድ ቲ-34 ሲመታ ሁለት ወይም ሦስት ታንከኛ «እኔ ነኝ» ይላል፤ በጭስና በበረዶ መካከል ማን ያጣራል? የተመታ ታንክ ሁሉም አይሞትም። ሰንሰለቱ የተበጠሰ፣ ሞተሩ የቆመ ታንክ ሌሊት ተጎትቶ ተጠግኖ ይመለሳል፤ በጀርመን ወረቀት ላይ ግን ሞቷል። በሳምንቱ ድጋሚ «ይሞታል»።

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ጀርመኖች የራሳቸውን ኪሳራ ሲጽፉ የሚጽፉት ጨርሶ የማይጠገነውን ብቻ ነው። የተቃጠለ፣ ወይም ጠላት እጅ የቀረ። ተመትቶ ጋራዥ የገባው ታይገር ከኪሳራ አይቆጠርም። ለጠላት ግን የተመታው ሁሉ ይቆጠራል። እንግዲህ 267 ለ5 ስትል አንዱን በኩንታል፣ ሌላውን በኪሎ እየመዘንክ ነው። የጀርመን ጦር የራሱ የምሥራቅ ግንባር የስለላ ክፍል ከግንባር የሚመጣውን የወደመ ታንክ ቁጥር በግማሽ እየቀነሰ ነበር የሚሠራበት። የገዛ ሰዎቻቸው ካላመኑት፣ እኛ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለምን እናምነዋለን?

ይህን ስል ውጊያው ተራ ነበር ማለቴ አይደለም። ታይገርና ፓንተር በሜዳ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ርቀት ቲ-34ን ይመታሉ፤ የዚያን ጊዜው ቲ-34 በ76 ሚሊሜትር መድፉ ከዚያ ርቀት የታይገርን ግንባር አይበሳም። ሰፊ ጠፍ ሜዳ ሲገኝ ሚዛኑ በጣም ያዘነብላል። ጀርመኖች ብዙ ታንክ መተዋል። 267 መሆኑን ግን አትማልበት።

ከባላባኖቭካ ቀጥታ ወደ ኮርሱን ሄዱ። እዚያ ከ50 ሺህ በላይ የጀርመን ጦር ተከቧል። በየካቲት መጀመሪያ በረዶው ሳይጠበቅ ቀለጠ። የዩክሬን ጥቁር አፈር ጭቃ ሆነ፤ አንዴ ከገባህበት አይለቅም። ቀን ታንኩ ይሰምጣል፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጭቃው ሰንሰለቱ ላይ ይደርቃል። ነዳጅ የጫነ መኪና ስለማያልፍ ወታደሮች በበርሜልና በባልዲ ተሸክመው አመላለሱ። የቤኬ ታንኮች ሊስያንካ ደረሱ። ከፊታቸው 239 የሚባል ኮረብታ አለ፤ ያንን መያዝ አቃታቸው። የሚንቀሳቀሱት ታንኮች ጥቂት ብቻ ቀሩ።

ስለዚህ የተከበቡት ራሳቸው እንዲወጡ ታዘዙ። የካቲት 16 ሌሊት ወጡ። ወዳዳኞቻቸው ለመድረስ ግኒሎይ ቲኪች የሚባለውን በረዷማ ወንዝ መሻገር ነበረባቸው። ድልድይ አልነበረም። ስንቱ ሰጠመ። ብዙ ሺህ ሰው ወጣ፤ መድፉ፣ መኪናው፣ ታንኩ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀረ። የተከበበውን ጦር ያዝዝ የነበረው ጀነራል ሽቴመርማንም እዚያው ሞተ። የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎበልስ «ድል» ብሎ አስወራው።

የካቲት 21 ቀን 1944 ቤኬ ሰይፉን ተሸለመ። 49ኛው ነበር።

አሁን ሦስቱን ቀኖች ደርድራቸው። ስታሊንግራድን ማዳን አልተቻለም፤ መስቀል። ኩርስክ ቆመ፤ ቅጠል። ኮርሱን ግማሽ ዳነ፤ ሰይፍ። ይህ የቤኬ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ አዛዥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከ1943 ወዲህ የጀርመን መንግሥት ለጋዜጣ የሚሰጠው ድል እያለቀበት ነበር። ድል ሲጠፋ ጀግና ያስፈልጋል። የአንድ ሻለቃ ብቃት ለአንድ ዘመቻ ውድቀት መሸፈኛ ይሆናል። ኒሻን ስትመለከት ግለሰቡን ብቻ ሳይሆን «ያን ሳምንት ሰጪውን ምን ቸግሮት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። እኔ የማንኛውንም አገር የጦር ሜዳይ የማነበው እንዲህ ነው።

ቪዲዮዎቹ እምብዛም የማይነኩት ደግሞ ከሰይፉ በኋላ የመጣውን ነው። በ1944 ክረምት፣ የኛ ክረምት ማለቴ ነው፣ ቤኬ 106ኛ የታንክ ብርጌድ ለሚባል አዲስ ጦር ተሾመ። ብርጌዱ «ፌልድሄርንሃለ» የሚል የክብር ስም ነበረው፤ በ1923 የሂትለር የሙኒክ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተኮላሸበት አዳራሽ ስም ነው። አዲስ ፓንተር፣ አዲስ ብረት ለበስ። የጎደለው መድፈኛና በቂ የቅኝት ክፍል ነው። በመስከረም መጀመሪያ ፈረንሳይ ሎሬን ውስጥ የአሜሪካንን 90ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር እንዲመታ ተላከ።

ያው የሌሊት ጉዞ። ያው በጠላት መካከል ማለፍ። ርዣቬትስ ላይ የሠራው ዘዴ እዚህ አልሠራም። ጦሩ በማያውቀው መንገድ በጨለማ ሄዶ ሳያውቀው አሜሪካኖቹ መካከል ገባ። መስከረም 8 ሲነጋ ሜሪ በምትባል መንደር አጠገብ ከሁሉም አቅጣጫ መድፍና ፀረ ታንክ ተከፈተበት። ብርጌዱ አብዛኛውን ታንክና ተሽከርካሪ በአንድ ቀን አጣ። ብዙ መቶ ሰው ተማረከ። ያው ሰው ነው፤ ያው ድፍረት ነው። የተለወጠው ጠላቱ ነው፦ በየሻለቃው ሬዲዮ ያለው፣ መድፉን በደቂቃ ውስጥ የሚጠራ፣ ሲነጋ አውሮፕላን ያለው ጦር። ለሜሪ የሚሰጥ ኒሻን የለም፤ ስለዚህ የኒሻን ዝርዝሩን ብቻ ያነበበ ሰው ሜሪን አያገኛትም።

በመጋቢት 1945 ቤኬ የተበታተነውን የ13ኛ ታንክ ክፍለ ጦር ቅሪት፣ በአዲሱ ስሙ ሁለተኛው የፌልድሄርንሃለ ታንክ ክፍለ ጦር የተባለውን፣ ተረከበ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የጀነራልነት ማዕረግ ተሰጠው። የጀርመኑ ማዕረግ ሲተረጎም «ሜጀር ጀነራል» ይባላል እንጂ በደረጃ ከኛ ብርጋዴር ጀነራል ጋር ነው የሚመጣጠነው። በሃንጋሪና በስሎቫኪያ እያፈገፈገ ተዋጋ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ተማረከ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህን ታሪክ ስንናገር የቼዝ ጨዋታ ይመስላል። ያ ጦር በምሥራቅ ሲዘምት ግን ከኋላው ምን እንደነበር ይታወቃል። ጀርመን ከማረከቻቸው የሶቪየት ወታደሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት በረሃብ፣ በብርድና በጥይት አልቀዋል። አይሁድ በየመንደሩ ተጨፍጭፈዋል። ግንባሩ በጸና ቁጥር ይህ ሁሉ ከኋላው ጊዜ ያገኛል። የቤኬን የግል ድፍረት እንዳደነቅህ፣ ድፍረቱ ለምን እንደዋለም ጨምረህ ጻፍ። የቪዲዮዎቹ ማነቃቂያ ሙዚቃ ይህን ይሸፍናል።

ከጦርነቱ በኋላ ምን ሆነ ላልከው፦ እስከ 1947 በምርኮ ቆየ። ከዚያ ወደ ሀገን ተመልሶ ያንኑ የጥርስ ሕክምናውን ቀጠለ። በታኅሣሥ 1978 በ80 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ኒሻኖቹን በተመለከተ ምዕራብ ጀርመን በ1957 ሕግ አወጣች፤ የጦርነቱ ዘመን ሜዳዮች ሊለበሱ የሚችሉት ስዋስቲካው ከወጣላቸው ብቻ ነው። በብረት መስቀሉ መሐል በስዋስቲካው ፋንታ የኦክ ቅጠል የተቀረጸበት ዓይነት ተሠራ። ኦንላይን ለሽያጭ የምታያቸው ብዙዎቹ እነዚህ የ1957ቱ ናቸው፤ «ኦሪጅናል የጦር ሜዳ» ተብለው ሲሸጡ ብታይ አትሸወድ። ስዋስቲካ ያለበትን በአደባባይ ማሳየት ጀርመን ውስጥ እስካሁን ወንጀል ነው።

ለትምህርት ቤት ጽሑፍህ ከሆነ ደግሞ ይህን አድርግ፦ 267ን አትሰርዘው፤ «ጀርመኖች እንደቆጠሩት» ብለህ ጻፈው፤ አጠገቡም 5ቱ ጨርሶ የወደሙት ብቻ መሆናቸውን ጨምር። መምህርህ ልዩነቱን ያየዋል። ስለ ሽትራክቪትዝ ወይም ስለ ሌሎቹ አልማዝ ተሸላሚዎች መጠየቅ ከፈለግህ ጻፍልኝ።